ውሃ የጠገበ ሐረግ

ተፈሪ ሊዋሽ ሲል መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። የበርበራን መንገድ አብሮት የተመላለሰ ሹፌር ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር፤ ቢላን ግን የቢሮ ሴት ናት፣ ከየት ትወቀው። ለዘበኝነት ልትቀጥረው በሩ ላይ ቆማ፣ ከጥበቃው ሌላ አትክልት ይችል እንደሆነ ስትጠይቀው ጉሮሮውን ጠረገ።

ወንጂ እያለ አንድ ሐረግ ተክሎ ነበር አላት። ከመፍጠኑ የተነሳ ጠዋት ስሩ የታሰረች የጎረቤት አህያ ለምሳ ሰዓት ጣሪያ ላይ ተገኘች። ባለአህያዋ ቀበሌ ከሰሰችው። ጉዳዩን ሊያዩ ከመጡት ሽማግሌዎች የአንደኛውን ባርኔጣ ሐረጉ መንትፎ ይዞት ወጣ፤ ባርኔጣው ይኸው እስከ ዛሬ ከሸንኮራው በላይ ይታያል፣ ሰውየው ግን ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር።

ቢላን ሳቀች። ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ስለነበር ቀጠረችው።

እውነቱን ለመናገር ተፈሪ በሕይወቱ አንዲት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት እንኳ ተክሎ አያውቅም። የመኪና ረዳት ነበር። የተሳፈረባት መኪና ሲሚንቶ እንደጫነች ወገቧ ተሰብሮ እዚያው ሐርጌሳ ለብረት ተሸጠች፤ ሹፌሩ አገሩ ገባ፤ እሱ ባዶ እጁን መግባት አፍሮ ቀረ። ሼክ ኑር በሚባል ሰፈር ከመሰሎቹ ጋር አንዲት ክፍል ይጋራል፤ ጠዋት 26 ጁን በሚሉት ሰፈር፣ ቢላን ቤት በር ላይ በርጩማውን ይዘረጋል።

የዚያ ቤት ጣጣ የቢላን እናት፣ እማማ ፊልሳን ነበሩ። እማማ ተወልደው ያደጉት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባታቸው የባቡር ሰው ነበሩ። ቢላንንም የወለዷት እዚያው ነው፤ ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸው ሐርጌሳ ሥራ ስላገኘች ይዛቸው መጣች። ዘመድ ሁሉ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ አላቸው። እማማ ግን አገራቸው እንደገቡ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ እሳት ላይ የጣዱትን ረሱ፤ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፤ በኋላ ባላቸውን ራሱ ረስተው ልጅነታቸው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ያ ሲመጣባቸው ሶማሊኛውን ትተው የከዚራ አማርኛቸውን ያወራሉ፤ ቢላንንም የሰው ልጅ አድርገው "እናትሽ አትፈልግሽም?" ይሏታል።

ይህ ብቻ ቢሆን በተቻለ። ነገር ግን የአስር ሶላት እንዳለቀ ጓዛቸውን በሻሽ ይቋጥሩና ለመሄድ ይነሳሉ። ወዴት ሲባሉ፣ ወደ ቤቴ፣ አባቴ ይጠብቀኛል። የትኛው ቤት ሲባሉ፣ በሩ ላይ ቀይ አበባ ያለው። ቢላን እጃቸውን ይዛ ወደ በሩ ታመጣቸውና "ሆዮ፣ ቤትሽ እኮ ይሄ ነው" ትላቸዋለች፤ እናቷን ሆዮ ነው የምትላቸው። እማማ ሰማያዊውን የብረት በር ከላይ እስከ ታች ያዩታል። የሰው ቤት ነው፣ ይላሉ፣ በጨዋ ደንብ።

አንድ ቀን አምልጠው ጠፉ። ከተማው ሲታመስ ውሎ ጋአን ሊባህ ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጠው ባለሱቁን የከዚራን መንገድ ሲጠይቁ ተገኙ። ባለሱቁ አማርኛ አይሰማም፤ ሻይ ሰጥቷቸው ራሱን ይነቀንቃል። በማግስቱ ቢላን ከቢሮ ስትመለስ አንድ ትልቅ ጓጉንቸር ገዝታ መጣች። ካርቶኑን ሳትከፍተው ፍሪጁ ላይ አስቀመጠችውና ተፈሪን ጠርታ ነገረችው። ሌላ ሰው የላትም፤ ሥራ ካልገባች ቤቱ አይቆምም። እማማ አንድ ጊዜ ደግመው ከጠፉ ክፍላቸው ይቆለፋል።

"እናቴ ላይ ቁልፍ ላዞር ነው ተፈሪ" አለችው። "እንደ ፍየል።"

ተፈሪ ጉሮሮውን ጠረገ። አበባውን እኔ አመጣዋለሁ አላት። በሩ ላይ ቀይ ቡገንቪላ ይወጣል፤ እማማ በሩን ያውቁታል፤ ቤታቸው ነውና አይወጡም። እጁ ሲነካው እንኳን ቡገንቪላ የአጥር እንጨት ያብባል። ቢላን ፍሪጁን አየች፣ እሱን አየች። እስኪቀላ ድረስ እጠብቃለሁ አለች።

አሁን መለስ ብላችሁ ብታዩት፣ ተፈሪ ያን ቀን ጉሮሮውን ባይጠርግ ይሻለው ነበር።

ቅርንጫፉን ያመጣለት ጓደኛው ወንድዬ ነው፤ የቶጎ ውጫሌን መንገድ የሚነዳ ሹፌር። ከከዚራ ከአንድ አጥር ቆርጦ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ከወንበሩ ኋላ አጋድሞ ይዞለት መጣ። ድንበር ላይ ፈታሹ ጆንያውን ገልጦ፣ ይሄ እሾህ ፓስፖርት አለው ወይ ብሎት ነበር ይላል ወንድዬ፤ እሱም ከተፈሪ የሚተናነስ ውሸታም አይደለም። ተፈሪ ከበሩ አጠገብ ቆፍሮ ተከለው። ሲተክልም እማማ ፊልሳን አጠገቡ ቁጢጥ ብለው "ስሩን አትነካካው፣ ይቀየማል" አሉት። ይህን ያህል የሚያስታውሱት ነገር መኖሩ ደስ አለው።

ከዚያ ወዲያ የውሃ ነገር መጣ። ሐርጌሳ ውሃ በቧንቧ ሳይሆን በቦቴና በአህያ ነው የሚመጣው፤ እንግዳን የሚወድ ሰው መጀመሪያ የሚያቀርብለት ውሃ ነው። ተፈሪም ሐረጉን ወደደው። ጠዋት ያጠጣዋል። ሲወጣ ያጠጣዋል። የራሱን የእግር መታጠቢያ ይሰጠዋል። ቢላን ከቢሮ ስትመለስ የጠርሙስ ውሃዋን ትርፍ ትደፋለታለች። በአህያ ውሃ የሚሸጠው ሰውዬ እንኳ ወሬውን ሰምቶ ሲያልፍ ከጣሳው ያንጠባጥብለት ጀመር። ሐረጉ ይህን ሁሉ ጠጥቶ እንደ ሀብታም ልጅ ፋፋ። ግንቡን ወጣ፣ በሩን ተሻገረ፣ እሾሁ የመንገደኛ ሻሽ መያዝ ጀመረ። ቅጠሉ ሰፊ፣ ለምለም፣ አረንጓዴ።

አረንጓዴ ብቻ።

ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ ብርዱ መጥቶ ሄደ። እማማ በየቀኑ ከአስር በኋላ ጓዛቸውን ቋጥረው ወደ በሩ ይወጣሉ፣ አረንጓዴውን ቀና ብለው ያዩታል፣ የሰው ቤት ነው ይላሉ። ተፈሪ ከበርጩማው እየዘለለ ይይዛቸዋል፤ በወሬ ይመልሳቸዋል፤ አንድ ሁለቴም ከመንገዱ ጫፍ ሮጦ አምጥቷቸዋል፣ ለቢላን ሳይናገር። እስከ መቼ?

የሚያናድደው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው። ጃማዕ የሚባል፣ ቀኑን ሙሉ ጫቱን ይዞ አጥሩን ተደግፎ የሚውል ጎረቤት አለ። አጥሩ ላይ አንድ አቧራ የጠገበ፣ ፍየል የጋጠው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቡገንቪላ ተንጠልጥሏል፤ እሱ ግን እንደ እሳት ቀልቷል። ተፈሪ ይህን ለማስረዳት ብዙ ደከመ። ለቢላን የኛው ወንድ ነው አላት። ወንዱ አያብብም፤ ቆይ ይጎልምስ። በኋላ ደግሞ ድንበር ሲያቋርጥ ደንግጦ ነው አለ። አንድ ቀን ነገሩ ሲብስበት ቀይ የሱቅ ፌስታል በትናንሹ ቆርጦ እሾሁ ላይ ሰካካው፤ ከሩቅ ላየው ያሳምናል። እማማ ወጡ፤ ተጠጉ፤ አንዷን ቀዳደው በጣታቸው አሹና ተፈሪን ገረመሙት። "አንተ ልጅ፣ እብድ መሰልኩህ?"

ያን ቀን ተፈሪ አፍሮ መንገዱን ተሻገረ። በተሰባበረ ሶማሊኛው ጃማዕን ለሐረግህ ውሃ ስንቴ ትሰጠዋለህ ሲል ጠየቀው።

"ለሱ ነው ውሃ?" አለ ጃማዕ። "እኔስ መች ጠጣሁ።"

ግንቡ ከተሠራ ጀምሮ ከሰማይ በቀር ያጠጣው የለም። እንዲያውም ይሞታል ብሎ ሲጠብቅ ነው በየዓመቱ የሚቀላው። ተፈሪ መጀመሪያ የስስታም ጨዋታ መሰለው። የሚወዱትን ውሃ ነፍጎ ማሳቅ የት ታይቶ ያውቃል? ሲመለስ ግን አረንጓዴውን ሐረግ አየ። እርጥብ አፈሩን አየ። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው፤ ጥጋቡ ነው። የጠገበ ምን ቸግሮት ያብባል።

ውሃውን አቆመ። ቢላንንም አስቆማት፤ ባለአህያውንም ገሠጸው። አፈሩ ግን አልደርቅ አለ። ሁልጊዜ ርጥብ ነው። ማን እንደሚያጠጣው ለማወቅ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ ብዙም አልቆየ።

እማማ ፊልሳን ናቸው። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር ሲቃረብ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወጥተው ከሐረጉ ስር ዉዱእ አደረጉ፤ እጅ፣ አፍ፣ ፊት፣ እግር፤ የተረፈውን ስሩ ላይ ደፉት። ገቡ። ጥቂት ቆይተው ማድረጋቸውን ረሱና ማንቆርቆሪያውን ሞልተው ወጡ። እጅ፣ አፍ፣ ፊት፣ እግር። ገቡ። ደግሞ ወጡ። እየታጠቡ ሐረጉን እንደ ሕፃን ያናግሩታል፤ ጠጣ፣ ጠጣ የእኔ ልጅ፣ ይሉታል። ተፈሪ ያኔ አንድ ነገር አስተዋለ። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ወደ መንገድ የማይሮጡት ለዚህ ነው። ከጠዋት እስከ አስር ያሰራቸው ማንቆርቆሪያው ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። ሐረጉ እንዲቀላ እማማ ማጠጣቱን መተው አለባቸው። ማጠጣቱን ከተዉ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ናቸው። ካጠጡ ሐረጉ አይቀላም፤ ካልቀላ በሩን አያውቁትም፤ ካላወቁት አንድ ቀን ያመልጣሉ፤ ጓጉንቸሩ ፍሪጁ ላይ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጁን ይሰጥ ነበር። ተፈሪ ግን ተንኮል ያለው ሰው ነው። ቢላን ቢሮ ስትሆን፣ እማማም ሲተኙ፣ የመኪና ሸራ አምጥቶ ከአፈሩ ስር አንድ ስንዝር ቀበረው፤ ግንዱን ዙሪያውን አጠበቀ፣ ወደ ግንቡ አዘነበለው፣ በግንቡ ስር ቀዳዳ አበጀለት፤ ከላይ ጠጠር በተነ። እማማ ይደፋሉ፤ ውሃው ጠጠሩን አልፎ፣ በሸራው ተንሸራቶ መንገድ ላይ ይወጣል። ስሩ ጠብታ አይደርሰውም። የሰፈሩ ፍየሎች ቀዳዳዋን አግኝተው መሰለፍ ጀመሩ። ጃማዕ ተሻግሮ ይህ ምን ጉድ ነው ሲለው ተፈሪ ጉሮሮውን ጠርጎ ከቤቱ ስር ምንጭ ፈልቋል፣ ለማንም እንዳትናገር አለው። ማምሻውን ጀሪካን የያዙ ሴቶች በሩ ላይ ነበሩ።

ሐረጉ መጀመሪያ ጎበጠ። ቅጠሉ ተጠቀለለ፣ ቢጫ ሆነ፣ ረገፈ። ቢላን ገደልከው አለችው። ተፈሪ መዋሸት እንኳ አቃተው፤ በርጩማው ላይ ሆኖ በጥፍሩ ግንዱን እየፋቀ ከስር አረንጓዴ መኖሩን ብቻ ያያል። አንድ ጠዋት ከቅርንጫፉ ጫፍ ሐምራዊ የመሰለ ነገር ሸተት ብሎ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ በሩ ሁሉ ቀላ። መንገደኛ ቆሞ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። ተፈሪ ሲያየው ደስታው እንባ እንባ አለው፤ ደግሞም በሕይወቱ ተናግሮት እውነት የሆነለት የመጀመሪያው ነገር ነው።

የአስር ሶላት አለቀ። እማማ ጓዛቸውን ቋጥረው ወጡ። ቢላን ከቢሮ ፈቃድ ለምና መጥታ ከመስኮቱ ኋላ ቆማለች። እማማ በሩ ስር ሲደርሱ ቀና አሉ። ቋጠሮውን መሬት አስቀመጡት።

"አንተ ልጅ፣ ና።" ተፈሪ ሄደ። ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ይዘው ቀዩን በሁለት ጣት ገለጡት። "ሰው ሁሉ ይሄን አበባ ይለዋል። ይሄ ቅጠል ነው፣ የቀላ ቅጠል። አበባው ይቺ ናት።" ውስጡ ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ነጭ ነገር ነበረች። "አባቴ ነው ያሳየኝ።"

በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። ሰማያዊነቱን አላዩትም።

"ደረስኩ አይደል?"

"ደረሱ እማማ" አለ ተፈሪ፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲያ ወደ መንገድ አልወጡም። ቢላን ፍሪጁ ላይ ያለውን ካርቶን አውርዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ለተፈሪ ሙሉ ሳህን ሩዝና ሥጋ ወጣለት።

ቤታቸው የገባ ሰው ግን ቤተሰቡን ይፈልጋል። ይህን ተፈሪም ቢላንም አላሰቡትም። እማማ በማግስቱ ክፍል ለክፍል ዞሩ። ቁም ሳጥን ከፈቱ፣ ከመጋረጃ ኋላ አዩ፣ ጓሮ ወጡ። አባቴ የት ሄደ? ቢላን እጃቸውን ይዛ እውነቱን ነገረቻቸው፤ አያቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ ሆዮ፣ አላህ ይርሀመው። እማማ እንደ ዛሬ ሞት ሰሙት። መሬት ተቀምጠው አለቀሱ፤ ፊታቸውን ቧጠጡ። በነጋታው ረስተውታል፤ ደግመው ጠየቁ፤ ደግመው ተነገራቸው፤ ደግመው አለቀሱ። መንገድ ላይ ጠፍተው በነበረ ጊዜ ሰው የሚጠብቃቸው ሴት ነበሩ። ቤታቸው ገብተው ነው ሰው ያጡት።

ቢላን አንድ ጠዋት ዓይኗ አብጦ ወደ በርጩማው መጣች። "ተፈሪ፣ አንተ ዋሻቸው አቦ" አለችው። "እኔ አልችልም።"

ተፈሪ ይህን ይችላል። እማማ ሲጠይቁት ጉሮሮውን ጠርጎ አባትዎ ጣቢያ ናቸው፣ ባቡሩ ዘግይቷል አላቸው። ለምን ዘገየ? ሐዲዱ ላይ ጅብ ተኝቶ። በሌላው ቀን የግመል ሰርግ መንገድ ዘግቶ፤ ሙሽሪት ግመል ሐዲዱን ካልተሻገርኩ ካልተሻገርኩ እያለች። በሌላው ደግሞ ሹፌሩ ፉጨቱን ጅቡቲ ረስቶት ሊያመጣ ተመልሷል፤ ያለ ፉጨት ባቡር አይገባም። እማማ በሳቅ ይፈነዳሉ። ከሐረጉ ስር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ቢላን ከመስኮቱ ትሰማለች፣ እሷም ትስቃለች። ቤቱ ለጥቂት ቀን ቤት መሰለ።

ምሳ ሲቀርብ ግን አይነኩም። እራትም እንዲሁ። በዚያ በከዚራው ቤት ደንብ አባት ሳይቀመጥ እህል አይቀመስም። ከመጣ አብረን እንበላለን ይላሉ፤ ሳህኑን በክዳን ይከድኑታል። ሻይ ይጠጣሉ፣ ሌላ የለም። ሐኪም መጥቶ ግሉኮስ ሰክቶ ሄደ፤ መርፌውን ነቅለው ጣሉት። ቢላን አጎንብሳ ለመነቻቸው። "አንቺ ልጅ ነሽ፣ አታውቂም" አሏት። "ሊደርስ ነው። አሁን ይሄ ልጅ ነገረኝ።" ተፈሪ ሌላ ምን ይበል? ባቡሩ ደረሰ ቢል አባትየውን ከየት ያወርዳል። አይመጣም ቢል ለቅሶ ነው። የክንዳቸው ቆዳ ከአጥንቱ ሲላቀቅ፣ ከላያቸው ሐረጉ በቀን በቀን ይቀላል። ሲጠማ ይብሳል፤ ጃማዕ እንዳለው።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ቢላን ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ሁለቱም በሩን አዩ።

"ቁረጠው" አለችው።

"ከቆረጥኩት ይወጣሉ።"

"አውቃለሁ።"

እማማ ሲያሸልቡ ተፈሪ ገጀራ ተውሶ መጣ። ተውሶ ያመጣው ከጃማዕ ነው፤ ጃማዕ ለምን እንደሆነ ሲገባው ጫቱን ማኘክ አቆመ። እሾሁ እጁን እስኪያደማው ድረስ ቆረጠው። ቀዩ ሁሉ መንገዱ ላይ ወደቀ፤ ንፋስ ይዞት በሚያልፍ የውሃ ቦቴ ጎማ ስር ገባ። ጉቶው ብቻ ቀረ። በሩ ሰማያዊ ሆነ።

እማማ ነቅተው ወጡ። ባዶውን በር አዩ፣ ተፈሪን አዩ፣ በጨዋ ደንብ ሻሻቸውን አስተካከሉ። "ይቅርታ፣ የማን ቤት ነው?"

ተፈሪ ጉሮሮውን ሊጠርግ ሞከረ፤ ደርቋል። "የቢላን ቤት ነው እማማ። እንግዳ ነዎት፣ እህል ይቅመሱ" አላቸው። ቢላን ሳህኑን ይዛ ወጣች። መንገደኛ ደንብ የለበትም፤ የሰው ቤት ነው፤ አባትም አይጠበቅም። እማማ ቁጭ ብለው ሩዙን በሉ። ቲማቲሙን በሉ። ሙዝ ጨመሩላቸው፣ እሱንም በሉ። ቢላን እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየቻቸው። ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው፣ ቤቱን መርቀው፣ ቋጠሯቸውን አንስተው ወደ መንገዱ ተነሱ።

"እንግዲህ ልሂድ። አባቴ ይጠብቀኛል።"

ቢላን ወደ ውስጥ ገባች። ተፈሪ መሳቢያው ሲከፈት፣ ካርቶኑ ሲቀደድ ሰማ።

አሁን እማማ ፊልሳን ክፍላቸው ውስጥ ናቸው። ይበላሉ፤ ወፍረዋል እንኳ። ከአስር በኋላ በሩን ያንኳኳሉ፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በመዳፋቸው። ተፈሪ በርጩማውን ወደ መስኮታቸው ስር አዛውሯል። ወሬ ይጀምርላቸዋል፤ ስለ አህያዋ፣ ስለ ባርኔጣው። አንዳንዴ ይሰማሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚጠይቁት ይህ የማን ቤት እንደሆነና ለምን እንደያዛቸው ነው፤ ለዚህ ውሸት አላገኘለትም።

ጉቶው አልሞተም። ሸራውን ነቅሎ ከጣለ በኋላ አቆጥቁጦ ግንቡን መውጣት ጀምሯል። ተፈሪ ይህን ሐረግ አሁን ያውቀዋል፤ በሐርጌሳ ከሱ የበለጠ የሚያውቀው አይኖርም። ጠዋት አንድ ባልዲ፣ ቀትር አንድ ባልዲ፣ ሲወጣ አንድ ባልዲ። የራሱን የእግር ውሃ ሳይቀር። አፈሩ ከደረቀ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም ይላሉ ሼክ ኑር ሰፈር አብረውት የሚያድሩት። ጃማዕ ከማዶ ሆኖ አንተ ሰው፣ እንዲህ እያጠጣኸው መቼም አይቀላልህም እያለ ይጮህበታል።

ተፈሪ ባልዲውን ይደፋል። ውሃው ሲወርድ እማማ ከመስኮቱ ኋላ ማንኳኳቱን ያቆማሉ።

"አጠጣው" ይላሉ። "አጠጣው የእኔ ልጅ። አባቴ ሲመጣ ቀልቶ ይጠብቀው።"